ከስሙ በታች ምን ተጽፏል?



ዛሬ ስለ ጠመንጃ ነው የምናወራው። አትደንግጡ፤ ማንም አይተኩስም። እንዲያውም ነገሬን ባጭሩ ንገረን ካላችሁኝ «አትተኩሱ፣ አንብቡ» ነው። በዚህ አገር ለጠመንጃ የተፎከረው ፉከራና የወረደው ቀረርቶ ቢሰበሰብ አንድ ቤተ መጻሕፍት አይበቃውም። ጠመንጃውን ገልብጦ ከሥሩ የተቀረጸውን ያነበበ ሰውስ ስንት ይሆን? ቤልጅግ ብለን ዘፈንን፤ ምንሽር ብለን አቅራራን፤ ውጅግራ ብለን ሸለልን። ቤልጅግ የአገር ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አንድ አገር ሙሉ በትከሻችን ተሸክመን ስንዞር፣ አገሩ ምን ብሎ ጻፈበት ብለን አልጠየቅንም።

ቤልጅግ የምንለው የወታደር ጠመንጃ ነው። የዛሬው ወሬዬ ደግሞ ስለ ዘመዱ ነው፤ ስለ ባለ ሁለት አፈሙዙ የአደን ጠመንጃ። ያ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጨው፣ ወገቡ ላይ ታጥፎ ጥይት የሚጎርሰው፣ ሁለት ምላጭና ብዙውን ጊዜም ሁለት መዶሻ ያለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን አሮጌ የቤልጅግ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ አንድ በሽታ አለባቸው። በሽታው የእኛም ስለሆነ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

በሽታው «ስም አምልኮ» ይባላል። ሰውየው ጠመንጃውን ያነሳል፣ በሁለቱ አፈሙዞች መካከል ባለው ዘንግ ላይ የተጻፈውን ስም ያነባል፣ ዋጋ ይቆርጣል። አለቀ። ስሙ ትልቅ ከሆነ «ዕንቁ»፣ ትንሽ ከሆነ «ቁርጥራጭ ብረት»። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ አንባቢ ሞልቶ ነበር። የደራሲውን ስም ከሽፋኑ ላይ አንብቦ ስለ መጽሐፉ አንድ ሰዓት ይከራከራችኋል። ገጽ 40 ላይ ምን አለ ብትሉት ግን አየር ላይ ያፈጣል።

አሁን ወደ ሊዬዥ እንሂድ። ቤልጅግ አገር፣ በሜዝ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቤልጅግ የሚባል መንግሥት በ1830 ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመን በፊት ሊዬዥ በጳጳስ መስፍን የምትገዛ ራሷን የቻለች አገር ነበረች፤ ያኔም ጠመንጃ ትሠራ ነበር። በ1672 ከጳጳስ መሳፍንቱ አንዱ፣ የባቫሪያው ማክሲሚልያን ሄንሪ፣ «አፈሙዝ ሳይፈተሽ አይሸጥ» የሚል አዋጅ አወጣ። ፍተሻው ቀላልና ጨካኝ ነው። አፈሙዙን ከተለመደው በላይ ባሩድ አጉርሶ መተኮስ ነው። ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። ናፖሊዮን ደግሞ በ1810 ይህን ሥርዓት በአዋጅ አጠናከረው። እስከዛሬ የሊዬዥ ጠመንጃ መፈተሻ ቤት የሚባል ተቋም አለ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ጠመንጃ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሊዬዥ ጠመንጃ በአብዛኛው የቤት ውስጥ ሥራ ነበር። አፈሙዙን የሚሠራው አንድ ሰው፣ መቆለፊያውን የሚሠራው ሌላ፣ ሰደፉን የሚጠርበው ሌላ፣ ጌጡን የሚቀርጸው ሌላ። ዕቃው ከቤት ቤት እየዞረ ነው ጠመንጃ የሚሆነው። «ፋብሪካ» ተብሎ የሚጠራው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የለውም። ያለው መጋዘን፣ የሒሳብ መዝገብና ደንበኛ ነው። ከላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ የእሱ ነው። ወይም ደግሞ ከባሕር ማዶ ያዘዘው ነጋዴ የመረጠው ስም ነው።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከ1812 ጀምሮ የታወቀ «ዌስትሊ ሪቻርድስ» የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ድርጅት አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የብረታ ብረት ሱቆች ውስጥ በርካሽ የሚሸጥ የቤልጅግ ጠመንጃ ነበር። ላዩ ላይ ምን ይላል? «ደብልዩ ሪቻርድስ»። ዌስትሊም በ«ደብልዩ» ይጀምራል አይደል? ገዢው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል! ጆሴፍ ማንተን የሚባል የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ የሞተው በ1835 ነው። ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ በተሠራ የቤልጅግ ጠመንጃ ላይ «ጄ ማንተን» የሚል ስም ብቅ ይላል። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የሊዬዥና የኒውዮርክ ነጋዴዎች ተረቱን ቃል በቃል ሥራ ላይ አዋሉት።

ይህን ሳውቅ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ንዴት ነው። የተናደድኩት በአስመሳዩ ነጋዴ አይደለም፤ ነጋዴ ነውና ነገደ። የተናደድኩት ከመቶ ዓመት በኋላ በሚመጣው ሰብሳቢ ነው። ይሄ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ደብልዩ ሪቻርድስ» ያለውን ዌስትሊ ነው ብሎ ይገዛና ይሞኛል። ሁለተኛው ደግሞ «አሃ፣ ቤልጅግ ነው፤ ቆሻሻ» ብሎ ይወረውረዋል። ሁለቱም አላነበቡም። አንዱ በስም ተታለለ፣ ሌላው በስም ናቀ። በመካከል ጠመንጃው ሆዱን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ሆዱስ ምን ይላል? እስቲ አብረን እንገልብጠው። በመጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን እዩ። (ይሄን የማያደርግ ሰው ቀጣዩን አንቀጽ ባያነብ ይሻለዋል።) ከዚያ ከአፈሙዞቹ ሥር ያለውን የፊት እንጨት አውልቁ፣ ጠመንጃውን ወገቡ ላይ እጠፉት፣ አፈሙዞቹን አላቅቁ። ጥይት የሚጎርስበት በኩል ከታች ጠፍጣፋ ቦታ ታገኛላችሁ። ጽሑፉ እዚያ ነው።

በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላትና ከሥራቸው ኮከብ ካያችሁ፣ ይሄ የሊዬዥ ፍተሻ ማኅተም ነው። ላዩ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ለንደን ይበል ኒውዮርክ፣ ይህ ማኅተም ካለ አፈሙዙ ሊዬዥ ተፈትሿል። እንቁላሉ ላይ ዘውድ ተደፍቶበታል? እንግዲያው ከ1893 ወዲህ ነው፤ ዘውዱ የተጨመረው በዚያ ዓመት ነው። ዘውድ የለውም? ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው። ከጎኑ ደግሞ የፈታሹ ምልክት የሆነ አንድ ፊደል አለ። በፊደሉ ላይ ዘውድ ከሆነ ከ1853 እስከ 1876 ባለው ጊዜ፣ ኮከብ ከሆነ ደግሞ ከ1877 ወዲህ የተፈተሸ ነው። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ ለየዓመቱ አንድ ፊደል ተመድቦለታል። የቆመ አንበሳና ከሥሩ «ፒ ቪ» ካለ በዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ ተፈትሿል። «ቤልጅየም» የሚል የአገር ስም በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት አሜሪካ የተላከ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል፤ በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት ስላለ ነው።

አያችሁ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ብረትም እንደዚያው ነው። ላዩ ሲዋሽ፣ ሆዱ ቦታውን፣ ዘመኑንና አቅሙን ይዞ ቁጭ ብሏል። ይሄ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን እውቀት አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ «ጥንታዊ» ብሎ ከሌላው ይለየዋል። ስለዚህ አንዲት ሚጢጢ ዘውድ መኖር አለመኖሯ አንድን ብረት ከአንድ የሕግ መደብ ወደ ሌላ ልታሻግረው ትችላለች። ስም አምላኪው ግን ዘውዷን አያያትም። እሱ ላይ ላዩን እያነበበ ነው።

አንድ ተጨማሪ የስም ጉድ ልንገራችሁ። የነዚህ ጠመንጃዎች አፈሙዝ ብዙ ጊዜ የሚያምር ጥለት አለው፤ ውኃ ላይ እንደተጣለ ጠጠር ክብ ክብ የሚሠራ፣ ወይም እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። «ደማስቆ» ይሉታል። ሶርያ ውስጥ የተሠራ እንዳይመስላችሁ! ከሊዬዥ አጠገብ ባለው በቬድር ወንዝ ሸለቆ፣ ኔሶንቮ፣ ትሮዝ በሚባሉ ቦታዎች የተሠራ ነው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተደራርበው ይበየዳሉ፣ እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ፣ ከዚያ በዘንግ ዙሪያ ተጠምጥመው በእሳትና በመዶሻ አንድ ይሆናሉ። እጅግ ከባድ፣ እጅግ ረቂቅ የእጅ ሥራ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ስመ ጥር ጠመንጃ ሠሪዎች ሳይቀሩ አፈሙዝ ከዚያ ያስመጡ ነበር። እንግዲህ ይታያችሁ፦ «ቤልጅግ ቆሻሻ ነው» የሚለው ሰብሳቢ፣ በጉያው አቅፎ የሚያድረው የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ጠመንጃ አፈሙዙ የቬድር ሸለቆ ሊሆን ይችላል!

በሌላ በኩል ደግሞ ተራ አፈሙዝ ላይ የደማስቆን ጥለት በቀለምና በአሲድ አስመስለው የሚያወጡም ነበሩ። ሲፈገፈግ ጥለቱ አብሮ ይለቃል። ሁለቱም ከአንድ አገር፣ አንዳንዴም ከአንድ መንደር ነው የወጡት። ስለዚህ «ቤልጅግ» የሚለው ቃል ብቻውን ሙገሳም ስድብም መሆን አይችልም። ሊዬዥ ኦጉስት ፍራንኮትንና ለቦ ኩራሊን የመሰሉ፣ ሥራቸው ከለንደን ምርጦች ጎን የሚቆም ቤቶች አፍርታለች። ለብረታ ብረት ሱቅ የሚሆን የጥቂት ዶላር ጠመንጃም በገፍ ልካለች። የትኛው የትኛው ነው? መልሱ አሁንም ከታች ነው።

ከታች ያለውን አንድ ነገር ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። ከማኅተሞቹ አጠገብ፣ አንዳንዴ አፈሙዞቹ በተጣመሩበት ስርጥ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ትናንሽ ፊደላት ይገኛሉ። ዘውድ የላቸውም፣ ጌጥ የላቸውም። የሠራተኛው ስም ምህጻር ናቸው፤ አፈሙዙን የጠመዘዘው ወይም የሞረደው ሰው ፊደላት። ከላይ፣ በሚታየው ቦታ፣ በወርቅ ቀለም የነጋዴው ስም። ከታች፣ በማይታየው ቦታ፣ የሠሪው ሁለት ፊደል። ወዳጆቼ፣ ስለ ማኅበረሰብ የሚጻፍ ዓምድ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? የየትኛውም ሥራ ሥዕል ይሄ ነው። ሕንፃው ላይ የባለሀብቱ ስም በመብራት ይጻፋል፤ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ፊደል ልስን ውስጥ ተቀብሯል። የሰብሳቢ ዋጋ ቢኖር ይሄን ማውጣት ነበር። የላይኛውን ስምማ ገበያውም ያነበዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ያወጣሉ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጠመንጃ የተሠራው ለመተኮስ ነው። መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ፊደል መቁጠር የሥራ ፈት ሥራ ነው።» ልጄ፣ መልሴን ስማ። የድሮው አፈሙዝ የተሠራውና የተፈተሸው በጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጥይት በጭስ አልባ ባሩድ ይሠራል፤ ግፊቱም ሌላ ነው። የድሮው ጥይት ማደሪያ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዛሬው የተለመደ ጥይት 70 ነው። ይገባል ወይ? ይገባል! ችግሩም ይሄው ነው። ቀለሁ ሲከፈት የሚዘረጋበት ቦታ ያጥርና ግፊቱ ይጨምራል። የዚያ የሚያምር ደማስቆ ብየዳ ደግሞ በመቶ ዓመት ውስጥ ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙ የሚፈነዳው የት መሰለህ? የግራ እጅህ በያዘበት በኩል ነው፤ ዓይንህ ደግሞ ከኋላው አለ። በየገጠሩ ለሠርግና ለለቅሶ የአያቱን ጠመንጃ አውርዶ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሁሉ ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል። አያትህን ማክበር ከፈለግህ ጠመንጃውን ዘይት ቀባው፣ እሱንም በጸሎት አስበው። ጣትህን ለመታሰቢያ አትስጥ።

ሁለተኛው ሰው ከበፊተኛው ይከብዳል። «ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፤ የገደለ ብረት ነው። ሰብስባችሁ ታወድሱታላችሁ እንዴ? ይቅለጥ!» ይላል። ይሄን ሰው አልንቀውም። ምክንያቱን ራሷ ቤልጅግ ሰጥታዋለች። እስከ 2006 ድረስ በዚያ አገር የአደን ጠመንጃ መታወቂያ አሳይቶ መግዛት ይቻል ነበር። ግንቦት 11 ቀን 2006 በአንትወርፕ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ጠዋት ጠመንጃ ገዛ፣ በዚያው ቀን መንገድ ላይ ሰው ተኩሶ ጣለ። ከማሊ የመጣች ሞግዚትና ትጠብቃት የነበረች ሕፃን ሞቱ፤ አንዲት የቱርክ ተወላጅ ሴት ቆሰለች። ሁለቱ ሴቶች የተመረጡት በቀለማቸውና በመልካቸው ነበር። አገሪቱ ደነገጠች፣ ሰኔ 8 ቀን አዲስ የጦር መሣሪያ ሕግ ወጣ፣ ፈቃድ ግዴታ ሆነ።

በእኔ እምነት ሕጉ ልክ ነው። «ባህላችን ነው፣ ቅርሳችን ነው» እያለ ከፈቃድ ለማምለጥ የሚሞክር ሰብሳቢ ጠበቃዬ አይደለም፤ የእሱም ጠበቃ አልሆንም። ቅርስ ነው ካልክ እንደ ቅርስ ያዘው፤ ይመዝገብ፣ ይቆለፍ፣ ዝም ይበል። አንድ እጅህ «ታሪክ ነው» እያለ ሌላው እጅህ ጥይት የሚፈልግ ከሆነ ሰብሳቢ ሳትሆን ታጣቂ ነህ። ነገር ግን «ይቅለጥ» ለሚለውም አንድ ጥያቄ አለኝ። የገደለውን ብረት ስታቀልጠው ማስረጃውን ነው የምታቀልጠው። ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ በስንት ሸጠው፣ ለማን ሸጠው፤ ይሄ ሁሉ የተጻፈው ብረቱ ላይ ነው። ወንጀለኛ ማስረጃ ሲያጠፋ ይገባኛል። ሰላም ወዳድ ማስረጃ የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ደግሞ ይሄ «ለማን ሸጠው» የሚለው ጥያቄ እኛን ይመለከታል። የፈረንሳዩን ገጣሚ አርቱር ራምቦን ታውቁታላችሁ። ግጥም መጻፍ ከተወ ከዓመታት በኋላ ጠመንጃ ይዞ ወደ ሸዋ የመጣውን ማለቴ ነው። በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ ነግሯቸዋል። ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ ናቸው። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ዋጋቸው 7 ወይም 8 ፍራንክ ነው። ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጡት ግን 40 ፍራንክ ገደማ ነው። እስቲ አስቡት! ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር ስለዚህ ሰው ምልክትና ምስል ሰዓታት እናወራለን። የሊዬዥን የዋጋ ዝርዝር ግን ማን አስተማረ? ለነገሩ ምኒልክም የሚሞኙ ገዢ አልነበሩም። በ1887 ሒሳቡ ሲተሳሰብ ዋጋውን ቆረጡት፣ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ቀነሱበት፣ የቀረውንም ሐረር ሂደህ ከመኮንን ተቀበል አሉት። ገጣሚው እያማረረ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1890 ኃያላኑ ብራሰልስ ላይ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን ለመግታት በሚል ወደ ሰፊው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ። በድንጋይ ብልጭታ የሚተኩሰውን፣ አፈሙዙ ውስጡ ለስላሳ የሆነውን የጥንት ጠመንጃ ግን ፈቀዱ። ይህን ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ ለአፍሪካ ገበያ ብላ ማን ትሠራ ነበር? ሊዬዥ! አውሮፓ ከተወው በኋላ ለእኛ ለአፍሪካውያን መሥራቷን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ቀጠለች። ስምምነቱ የተፈረመው በዋና ከተማዋ፣ ዕቃው የሚሠራው በሌላው ከተማዋ። ይሄን ታሪክ የሚነግረን የትኛው ፉከራ ነው? ብረቱን ገልብጠን ስናነብ ግን እንቁላሏ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» ትላለች።

ሐረር ላይ «የራምቦ ቤት» የሚባል የሚያምር ቤት አለ። እንደሚነገረው ቤቱ ራምቦ በ1891 ከሞተ በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ስሙ ግን የራምቦ ነው፤ ጎብኚውም ስሙን አንብቦ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። «ጄ ማንተን» በቤት መልክ ማለት ይሄ አይደለም ትላላችሁ? ቤቱ ይፍረስ አላልኩም፤ ቆንጆ ነው፣ ይኑር። የህንዳዊው ነጋዴ ሁለት ፊደልስ የት ተጻፈ? አናጢውስ?

ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ከተደረደሩ ጠመንጃዎች ሥር የተጻፈውን አንብቤአለሁ። «ጥንታዊ ጠመንጃ» ይላል። ቀጣዩም «ጥንታዊ ጠመንጃ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ለወጥ ብሎ «የጥንት ጠመንጃ» ይላል። አስጎብኚውን «የት አገር የተሠራ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የውጭ ነው፣ ጋሼ» አለኝ በትሕትና። የውጭ! ልጁ ላይ አልፈረድኩም፤ ማንም ገልብጦ አላሳየውም። ሊዬዥ ግን ከ1885 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ሙዚየም አላት፤ ዛሬ ስብስቡ «ግራንድ ኩርሲየስ» በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው። የሠሪዎቹ ልጆች የአባቶቻቸውን ማኅተም አንድ በአንድ ጽፈው አስቀምጠዋል። የተሸጠልን እኛ፣ የተገደልንበትም የገደልንበትም እኛ፣ የአገር ነፃነት የጠበቅንበትም እኛ፣ «የውጭ ነው» ብለን ዘጋነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ዶላር አያስፈልገውም፣ ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ ዎርክሾፕም በሆቴል አዳራሽ አያስፈልገውም። ሙዚየሞቻችን በየሣጥኑ ያለውን አንድ በአንድ ያውጡ፣ ባዶ መሆኑን ባለሙያ ያረጋግጥ፣ ይገልብጡ፣ ማኅተሙን በእርሳስና በስስ ወረቀት ፈግፍገው ያንሱት። ከሥሩ «ሊዬዥ፣ ከ1877 በኋላ፣ ከ1893 በፊት» ብለው ይጻፉ። ይሄ ብቻ አንድን ዕቃ ከ«የውጭ» ወደ ታሪክ ያሸጋግረዋል። ቤቱ የአያት ጠመንጃ ያለው ሰው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ስላለ መጀመሪያ በሕጉ ያስመዝግበው። ቀጥሎ ወረቀት ያውጣና የማኅተሞቹን ሥዕል፣ ጠመንጃውን የያዘውን ሰው ስም፣ በምን እንደተገዛ፣ በከብት ይሁን በጠገራ ብር፣ ማን እንደሸጠለት ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ይጻፍ። ብረቱ የሊዬዥን ወገን ይናገራል። የእኛን ወገን ግን ብረት አይናገረውም፤ የእኛ ማኅተም ያልተመታበት እዚያ ላይ ነው። ከገዢው ወገን ያለው ገጽ ባዶ ነው፤ ባዶውን የሚሞላ ከእኛ በቀር የለም።

ስም አምላኪውን ደግሞ፣ የፈረንጁንም የሐበሻውንም፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ልበለው። ሁለት ጠመንጃ ብታገኝ፣ አንዱ የታላቅ ቤት ስም በወርቅ የተጻፈበት፣ ሌላው «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል ውሸት የተለጠፈበት፣ አንተ የመጀመሪያውን እንደምትመርጥ አውቃለሁ። ገንዘብህ ነው፣ ምረጥ። ሁለተኛውን ግን አትጣለው። ውሸታም ስም መለጠፉ የጠመንጃው ጥፋት አይደለም፤ የሠሪውም ጥፋት አይደለም። ከቬድር ሸለቆ አንድ ሰው እሳት ፊት ቆሞ የጠመዘዘው ብረት ነው። ምናልባትም የዚህን ሰው በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛ ፊርማ በእጅህ ይዘህ ሊሆን ይችላል።

ፊርማው ከላይ አይደለም። ገልብጠው።